ከጣት አሻራው በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በካንሰር ሕክምና ክፍል ውስጥ በነርስነት ሳገለግል አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከእጄ ያልጠፋች አንዲት ዕቃ አለች፤ የአሻራ ቀለም የያዘች ትንሽ ቆርቆሮ። መፈረም የማይችሉ ሕመምተኞች ለቀዶ ሕክምና፣ ለኪሞቴራፒ (ካንሰርን በመድኃኒት ማከም) ወይም ለጨረር መስማማታቸውን በሚገልጸው ቅጽ ላይ አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉት በዚህች ቀለም ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ አሻራ ብዙ ጊዜ ስምምነት እንዳልሆነ፣ እውነተኛ ስምምነት እንዲሆን ማድረግ ደግሞ ከምናስበው በላይ ቀላል እንደሆነ በሥራዬ ስላየሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ አንዲት እናት ጡታቸው ላይ በተገኘ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ተወሰነ። ሐኪሙ ጠዋት ሕመምተኞችን ሲጎበኝ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ አስረዳ፤ ልጃቸው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው፤ እኔም ቀለሟን ይዤ ቀረብኩና «እናቴ፣ የተባለው ገባዎት?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ ገባኝ» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን ይዤ መጀመሪያ ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎም ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ተረኛነቴ ሊያበቃ ሲል ውኃ ላቀብላቸው ስጠጋ ግን እጄን ያዝ አድርገው፣ ማንም እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገ እብጠቷን ጠርገው ይለቁኛል አይደል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በማግስቱ ሊደረግላቸው የታሰበው ቀዶ ሕክምና ጡታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚያወጣ ነበር።

እኒህ እናት «ገባኝ» ሲሉ አልዋሹኝም። አምስት ስድስት ሰው አልጋቸውን ከቦ በቆመበት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሰዓቱን እያየ በሚናገርበት፣ ልጃቸው በሚሰማበት ቦታ «አልገባኝም» ማለት ፊደል አለመቁጠርን በአደባባይ እንደ መናዘዝ ይቆጠራል። ያቀረብኩላቸው ጥያቄም ቢሆን ከአንድ በቀር መልስ የሌለው ጥያቄ ነበር። «ገባዎት?» የሚለው ቃል የሕመምተኛውን ማወቅ አይለካም፤ የሚለካው ጨዋነቱን ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔና የአሠራራችን እንጂ የእሳቸው አልነበረም፤ ይህንንም ዛሬ ድረስ ሳስበው ያመኛል።

ነገሩን ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ቀዶው በአራት ቀን ተራዘመ። በመሃል በነበረ አንድ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ከአልጋቸው ትይዩ ተቀመጠና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የእሳቸው እብጠት ገና ትንሽ ስለነበረ በፊታቸው ሁለት መንገድ ነበር፤ አንዱ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት፣ ሌላው እብጠቱን በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጥቂት ጨምሮ ማውጣትና ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በጨረር መታከም። በርናርድ ፊሸር በአሜሪካ፣ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በጣሊያን የመሯቸውና የ20 ዓመት ክትትላቸው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ሁለት ታላላቅ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በሽታው ሳይሰፋ በተደረሰባቸው ሴቶች ዘንድ እነዚህ ሁለት መንገዶች በሕይወት በመቆየት ዕድል ረገድ አይበላለጡም። በዚያው ጡት ላይ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ጡቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሲቀር በመጠኑ ከፍ ይላል፤ በሌላ በኩል አንዱ አካልን ያጎድላል፣ ሌላው ለሳምንታት በየቀኑ ያመላልሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቀው ሐኪሙ አይደለም። የቱን ጉዳት መሸከም እንደሚሻል የምታውቀው ያቺ ሴት ብቻ ናት፤ ሳትጠየቅ ከቀረች ደግሞ መልሱ ከነጭራሹ አይገኝም። እኒህ እናት ምን እንደመረጡ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሽንት ፊኛ በታች ያለውን የወንዶች ዕጢ የሚይዘው የፕሮስቴት ካንሰርም እንዲሁ ነው። በብሪታንያ 1,643 ወንዶችን በሦስት መንገድ ማለትም በቅርብ ክትትል፣ በቀዶ ሕክምና እና በጨረር መድቦ ለ15 ዓመት የተከታተለው፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በሽታው ከፕሮስቴት ዕጢው ሳይወጣ ከተገኘባቸው ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ በዚሁ ካንሰር የሞቱት ከ100ው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ያለው ሽንትን መቆጣጠር ላይ፣ በትዳር ግንኙነት ላይ፣ በአንጀት ሁኔታ ላይ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው በምን ላይ ነው የተስማማው?

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ይረዳዋል?» ሲሉ እሰማለሁ። ማንበብ አለመቻል ማመዛዘን አለመቻል አይደለም። ልጆች ያሳደገ፣ ንብረት ያስተዳደረ፣ ክፉና ደጉን ያሳለፈ ሰው በሕይወቱ ከዚህ የማይተናነስ ከባድ ውሳኔ ወስኗል፤ ወረቀት ላይ ተማምኖ ስለማያውቅም የሰማውን በልቡ የመያዝ ልምዱ ከእኛ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዋቂዎች ከ700 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድ ዓመት ብቻ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በአዲስ መልክ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ላያቸው ሰው በጽሑፍ ብቻ የሚያስረዳ ሕክምና ስንቱን ሰው በር ላይ እንደሚያስቀር ግልጽ ነው።

በሌላ በኩል ማንበብ መቻል ብቻውን እንደማያድን መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሰራጨባቸውንና ኪሞቴራፒ የሚወስዱ 1,193 የሳንባ እና የአንጀት ካንሰር ሕመምተኞችን ጠይቆ ነበር። መድኃኒቱ ጊዜ ሊጨምርላቸው፣ ሕመማቸውን ሊያቀልላቸው ይችላል እንጂ በሽታውን ነቅሎ እንደማያድናቸው ያልተረዱት ከሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች 69 በመቶ፣ ከአንጀት ካንሰር ሕመምተኞች 81 በመቶ ነበሩ። ብዙዎቹ ሰዎች ማንበብ አላቃታቸውም። ያልተሻገረው መልእክቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ሕመምተኞች በሕክምና ቦታ ከሚነገራቸው ውስጥ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያውኑ እንደሚረሱ አስፍሯል። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ቀጥሎ የተነገረውን የሚያስታውስ ሰው ማን ነው? ፊደል የቆጠረው ቤቱ ሄዶ የተሰጠውን ወረቀት ደግሞ ያነባል፤ ፊደል ያልቆጠረው ግን ያን ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። የሁለቱ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ እኛ ሁለተኛውን ዕድል በቃል ልንሰጠው ይገባል።

በቃል ስንሰጥ ደግሞ ቃሎቻችንን እንመርምር። «ደረጃ» የምትለዋን ቃል እንውሰድ። በዕለት ተዕለት ቋንቋችን «ደረጃ አንድ» ማለት ከሁሉ የበለጠ፣ የተመረጠ ማለት ነው፤ በካንሰር ግን ገና ያልተስፋፋ ማለት ነው። አንድ አባት «ደረጃ አንድ ካንሰር ነው» ተብለው ሲነገራቸው ፊታቸው የጨለመው፣ ከካንሰሮች ሁሉ አውራው እሳቸውን የያዘ ስለመሰላቸው ነው። ይበልጥ የከፋው «ተዛምቷል» የሚለው ነው። በሽታ ተዛመተ ሲባል ሕዝባችን የሚያውቀው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ነው። አንዲት ወጣት እናት ካንሰሩ ወደ ጉበቷ መሄዱ በዚህ ቃል ተነግሯት፣ ከዚያን ቀን ጀምራ መጠጫዋን ለይታ፣ ትንሿን ልጇን ማቀፍ ትታ ለሦስት ሳምንት እንደከረመች ስትነግረኝ አብሬያት አልቅሻለሁ። ካንሰር በማቀፍና በመሳም አይተላለፍም፤ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የነገራት ሰው አልነበረም። «ከጀመረበት ቦታ ወጥቶ ጉበትሽ ላይም አለ፤ ወደ ሌላ ሰው ግን አይሄድም» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? «መድኃኒት» የሚለው ቃል ራሱም ማዳንን ከሥሩ ይዞ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ለማስታገስ የምንሰጠውን ኪሞ መድኃኒት ብለን ስንጠራው፣ የማያድን መሆኑን ለይተን ካልተናገርን ሕመምተኛው የሚሰማው መዳኑን ነው። የምንሰጠው ሕክምና በሽታውን ለማጥፋት ይሁን፣ ዕድሜ ለመጨመር ወይስ ሕመም ለመቀነስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በነጠላ ቃል መነገር አለበት።

ቁጥርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመቶኛ ማስረዳት ብዙ የተማረ ሰውንም ያደናግራል፤ «ስጋቱን በግማሽ ይቀንሳል» ማለት ደግሞ ከ100 ሰው 40 የነበረውን ወደ 20 ማውረድ ሊሆን ይችላል፣ 2 የነበረውን ወደ 1 ማውረድም ሊሆን ይችላል፤ ለሚወስነው ሰው ግን ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እኔ አሥሩን ጣቶቼን ዘርግቼ፣ «እንደ እርስዎ ያሉ አሥር ሰዎች ይህን ሕክምና ቢወስዱ ስምንቱ እንዲህ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ግን እንዲህ» እያልኩ ጣቶቼን አጥፌ አሳያለሁ። ሁለቱንም ወገን መናገሩ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመ አንድ ጥናት ለሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር እንዲመርጡ የተጠየቁ ሰዎች፣ በቀዶው «ከ100ው 90ዎቹ ይተርፋሉ» ሲባሉና «ከ100ው 10ሩ ይሞታሉ» ሲባሉ ምርጫቸው በእጅጉ ተለያይቷል፤ ከመራጮቹ መካከል ሐኪሞችም ነበሩበት፣ እነሱም አላመለጡም። ስለዚህ የሚተርፉትን ብቻ ወይም የሚሞቱትን ብቻ የሚናገር ባለሙያ ሳያውቀው በሕመምተኛው ፋንታ እየመረጠ ነው።

ሥዕል ይረዳል፤ ግን ሥዕልም ይነበባል። ጡት ብቻ ተነጥሎ የተሳለበትን ሥዕል ሳሳያቸው «ይህች የተቆረጠችው ናት?» ብለው የጠየቁኝ ሴት አሉ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ሰው የሌለበትን ሥዕል አልጠቀምም። ለውሳኔ የሚረዱ መጽሔቶች፣ ቪዲዮዎችና የመሳሰሉት የሕመምተኞችን ዕውቀት እንደሚጨምሩና የሚጠብቁትን ነገር ወደ እውነቱ እንደሚያቀርቡ በደንብ የተረጋገጠ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመረምረው የኮክሬን ተቋም ያሰባሰባቸው 209 ጥናቶች ይህንኑ ይመሰክራሉ። ብዙዎቹ ግን ለሚያነብ ሰው የተሰናዱ ናቸው፤ ለማያነብ ሰው በድምፅ የተቀዳ፣ በራሱ ቋንቋና አነጋገር የተነገረ ነገር ያስፈልጋል። ሐኪሙ ፈቃደኛ ከሆነ ንግግሩን በአስታማሚው ስልክ መቅዳት እንኳ ትልቅ ነገር ነው፤ ማታ እቤት፣ ድንጋጤው በረድ ሲል ደጋግመው ይሰሙታል።

ከሁሉ የላቀው ግን ሕመምተኛው የሰማውን መልሶ እንዲነግረን መጠየቅ ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «እናቴ፣ በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ እፈልጋለሁ። ቤት ሲገቡ እህትዎ ‹ሐኪሙ ምን አለሽ?› ቢሉዎት ምን ይመልሱላቸዋል?» ፈተና ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ሴትየዋ አይደሉም። የጎደለ ነገር ካለ «አልገባዎትም» አልልም፤ «ይህን እኔ አላስረዳሁትም» ብዬ በሌላ ቃል እደግመዋለሁ፤ ከዚያም እንደገና አስነግራለሁ።

«ጊዜ የለንም» የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ የሕመምተኛው ብዛትና የባለሙያው ማነስ በየቀኑ የማየው ነው። ነገር ግን ያልተረዳ ሕመምተኛ የሚወስደውን ጊዜ እናስላ። ኪሞ በወሰዱ በአሥረኛው ቀን ትኩሳት የያዛቸው አንድ ሰው ሦስት ቀን እቤታቸው ተኝተው ከቆዩ በኋላ በሸክም መጡ። ለምን እንደዘገዩ ስጠይቃቸው «መድኃኒቱ በሽታውን እያቃጠለው መስሎኝ ነው» አሉኝ። ኪሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ሰዓት መምጣት እንዳለባቸው በተሰጣቸው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀቱም በኪሳቸው ውስጥ በሥርዓት ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ ድነው ሲወጡ 3 እና 8ን በትልቁ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ የቁጥሮቹን ቅርጽ እንደ ሥዕል አጥንተው በቴርሞሜትሩ ላይ ለይተው አሳዩኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በመጀመሪያው ቀን ብናደርገው ኖሮ ያ ሁሉ የአልጋ ቀንና የአንቲባዮቲክ ብዛት ባላስፈለገ ነበር።

ስለ አስታማሚዎችም ልናገር፤ ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው በአንድ ወቅት ማንበብ ከማይችል ዘመዱ አልጋ አጠገብ የሚቆመው እሱ ራሱ ነውና። ብዙ ልጆች በር ላይ ይዘውን «እንዳትነግሯት፣ ትሞትብናለች» ይሉናል። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የተደበቀባት እናት ፀጉሯ ሲረግፍ፣ ፊታችሁ ሲለዋወጥ አይታ ታውቃለች፤ የምታጣው ዕውቀቱን ሳይሆን ስለ እሱ የሚያወራትን ሰው ነው። ማወቅ የማይፈልግ ሕመምተኛም አለ፤ መብቱ ነው። ያንንም ቢሆን የሚናገረው እሱ መሆን አለበት፤ እኛ ልንጠይቀው የሚገባው «ሁሉን ልንገርዎ ወይስ እርስዎ ለሚመርጡት ሰው ልንገር?» ብለን ነው። ለዘመዱ የሚያስተረጉም ሰው ደግሞ ሐኪሙ የተናገረውን ሳያሳጥር፣ ሳያለዝብ፣ «ይህን ማወቅ አያስፈልጋትም» ብሎ ሳይቆርጥ ያድርስ። ሕክምናው ለምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚያስከፍል፣ ባይወሰድስ ምን እንደሚሆን እሷን ወክሎ ይጠይቅ፤ ውሳኔውን ግን ለእሷ ይተውላት።

እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብ በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የጠየቀው ሰውየው የሚደረግበትን ነገር በቂ በሆነ መጠን አውቆና ተረድቶ በነፃ ፈቃዱ እንዲወስን ነበር። መነሻው መረዳት ነበር፤ እኛ ግን ወረቀቱን ይዘን መረዳቱን ጥለናል። ስለዚህ የስምምነት ቅጽ የሚያዘጋጁ የሕክምና ተቋማትን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከአሻራው ቦታ በላይ ሦስት ባዶ መስመር ይጨመር፤ ሕመምተኛው ምን እንደሚደረግለትና ለምን እንደመረጠው በራሱ አንደበት የተናገረው ቃል በቃል ይጻፍበት፤ ከዚያም ይነበብለት። መስመሮቹ ባዶ ከሆኑ ቀለሙ አይከፈት። ምስክር ሆኖ የሚፈርመውም ሰው ሲቻል ከቤተሰቡም ከቀዶ ሐኪሙም ውጭ ይሁን።

ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከእኒያ እናት ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ጠርተውኝ ወስኛለሁ ሲሉኝ፣ የተናገሩትን እንዳልረሳው በአሮጌው ቅጽ ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩት፦ «ጡቴን ከነእብጠቷ ያወጡታል። ሁለቱም እኩል ዕድሜ ይሰጣሉ ብለውኛል። በየቀኑ ለጨረር የሚያመላልሰኝ ሰው የለኝም፤ ልጄን ከሥራው አላስቀረውም። ከወጣው ሥጋ ምርመራ በኋላ ጨረር ያስፈልጋል ካሉኝ ደግሞ ያኔ እንነጋገራለን። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት።» አንብቤላቸው «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አሉ፤ ከዚያም ቆርቆሮዋን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ከፈቷት።

ከአክብሮት ጋር፣
የካንሰር ሕክምና ክፍል ነርስ